ከቅጣት ደብዳቤው በፊት በራችን ይንኳኳ

ለ፦ የሠፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር የቦርድ አባላት እና ማኅበሩን በውል ለሚያስተዳድረው ድርጅት
ግልባጭ፦ በአውሮራ፣ በዴንቨርና በአካባቢው ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ የቤት ባለቤቶች
ጉዳዩ፦ ማኅበሩ በነዋሪው ቤት ላይ ያለውን ሥልጣን የሚሠራበትን አካሄድ እንዲያስተካክል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ አቅቶኝ አይደለም፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ በአደራ ደብዳቤ ተልኮላችኋል። በአማርኛ ያደረግኩት የኮሎራዶ ምክር ቤት በ2022 አውጥቶት በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ አንድ የቤት ባለቤት ማኅበሩ የሚልክለት የዕዳና የጥፋት ማስታወቂያ ከእንግሊዝኛው በተጨማሪ በመረጠው ቋንቋ እንዲደርሰው የመጠየቅ መብት ስለሰጠው፣ ይህ መብት ግን በሠፈራችን ወረቀት ላይ ብቻ ስለቀረ ነው። በተጨማሪም ጉዳዩ የሚነካቸው ጎረቤቶቼ ያለ አስተርጓሚ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። (ዓመታቱን የምጠቅሰው እዚህ በምንኖርበት አቆጣጠር ነው።)

ነገሬን ከራሴ ቤት ልጀምር። በ2021 ሐምሌ ባለቤቴን ለማረስ ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴ፣ የኮሎራዶን ደረቅና ብርቱ ፀሐይ ባዩ በሁለተኛው ሳምንት፣ «ይህ ፀሐይ በከንቱ ሊያልፍ አይገባም» ብለው ዛላ በርበሬ አስገዙኝ። በርበሬው ተቀነጠሰ፣ ታጠበ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ተደለዘ፤ የጓሮው በኩል በጎረቤት ዛፍ ጥላ የተያዘ ስለሆነ ነጭ አንሶላ ተነጥፎበት በመኪና መግቢያው ላይ ተሰጣ። ሦስት ቀን ነው የሰነበተው። በአራተኛው ቀን ደርቆ ተሰብስቦ ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ የመጣውን ፖስታ ግን ከፍቼ አላየሁትም። ሌሊት እየነዳሁ ቀን የምተኛ ሰው ነበርኩ፤ በዚያ ላይ ፖስታው በየቀኑ ከሚጎርፈው የንግድ ማስታወቂያ ወረቀት የሚለይበት ምልክት ስላልነበረው ከሌሎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ገባ። ኋላ ስንከፍተው ከመኪና ውስጥ የተነሳ የበርበሬያችን ፎቶግራፍ ወጣ፤ ከሥሩም «ከመንገድ የሚታይ ያልተፈቀደ ቁሳቁስ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እናቴ ፎቶውን አይተው፣ «ቀለሙ አምሯቸው ነው ያነሱት?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

በርበሬው ከተነሳ በኋላ ጥፋቱ ቀጥሏል የተባለው፣ እኔ «አስተካክያለሁ» የሚል መልስ ባለመስጠቴ ብቻ ነው። መጀመሪያ 50 ዶላር፣ ቀጥሎ 100፣ ከዚያ 200 ተቀጣሁ፤ በየወሩ 25 ዶላር የመዘግየት መቀጫ ተጨመረ፤ ጉዳዩ ወደ ጠበቃ ተመራ። በየወሩ ከባንኬ በራሱ የሚቆረጠው የ72 ዶላር መዋጮ ደግሞ እኔ ሳላውቅ በቅድሚያ ወደ ጠበቃው ሒሳብና ወደ ቅጣቱ ይገባ ስለነበር፣ አንድ ወር እንኳ ሳላጓድል እየከፈልኩ በማኅበሩ መዝገብ መዋጮ ያልከፈለ አባል ሆኜ ተገኘሁ። በ2022 የጸደይ ወራት በቤቴ ላይ የዕዳ መያዣ መመዝገቡን የሚገልጽ ወረቀት ሲደርሰኝ ጠቅላላው 1,550 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ የእናቴ በርበሬ ድርሻ 350 ዶላር፣ የመዘግየቱ መቀጫ 175 ዶላር ሲሆን፣ የቀረው 1,025 ዶላር የጠበቃ ነው። የዕቁብ ዕጣዬን ለምኜ አስቀድሜ ወስጄ ከፈልኩ፤ መያዣውም ተነሳ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ ዕዳ ይሰረዝልኝ ለማለት አይደለም።

የምጽፍላችሁ በእጃችሁ ያለው ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ፣ በየሳምንቱ በኮምፒውተር እየታተሙ ከሚወጡት ደብዳቤዎች ሥር ሆኖ አልታይ እንዳይል ነው። ብዙዎቻችን ቤት ስንገዛ በክሎዚንጉ (ግዢው በሚጠናቀቅበት) ዕለት ከፈረምናቸው ወረቀቶች መካከል አንዱ ያ ወፍራም የስምምነት ሰነድ ነው፤ በካውንቲው ተመዝግቦ ከመሬቱ ጋር ስለሚሄድ አንብበነውም ሆነ ሳናነበው ያስረናል። ሰነዱ የአጥሩን ቁመትና የበሩን ቀለም ከመወሰን አልፎ፣ መዋጮ ያልተከፈለበትን ቤት በፍርድ ቤት በኩል ለሐራጅ እስከ ማቅረብ የሚደርስ ኃይል ለማኅበሩ ይሰጣል። ከ1992 ጀምሮ የሚሠራው የኮሎራዶ የጋራ ባለቤትነት ሕግ ደግሞ የስድስት ወር መዋጮ የሚያህለው የማኅበሩ ዕዳ ከባንኩ የቤት ብድር (ሞርጌጅ) እንኳ ቀድሞ እንዲከፈል አድርጓል። ሞርጌጁን በቀኑ የሚከፍል ሰው ቤቱ በወር 72 ዶላር ምክንያት ሊሸጥበት ይችላል ብንለው አያምነንም፤ እኔም አላመንኩም ነበር።

ይህ ደግሞ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሥልጣን አይደለም። በ2022 በዴንቨር ሰሜን ምሥራቅ ባለው በግሪን ቫሊ ራንች ማኅበሩ በበርካታ ነዋሪዎች ላይ የፎርክሎዠር (ቤትን ለዕዳ በሐራጅ የማሸጥ) ክስ መመሥረቱ ሲሰማ፣ ጋዜጠኞች የግዛቱን መዝገብ አገላብጠው ከ2018 እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ በመላ ኮሎራዶ እንዲህ ያለ ክስ ከ2,400 በላይ መቅረቡን አውጥተዋል። ከእኛ ግዛት ውጭ ደግሞ በዳላስ አጠገብ ባለችው ፍሪስኮ፣ ኢራቅ ተልኮ ይዋጋ የነበረ የጦር መኮንን ቤት ከ1,000 ዶላር ባነሰ የመዋጮ ዕዳ በሐራጅ መሸጡ በ2010 ሲሰማ አገሩ ሁሉ ተነጋግሮበታል። ሚስቱ ፖስታዎቹን አልከፈተቻቸውም ነበር። ቤቱ ኋላ በስምምነት ተመልሶላቸዋል፤ የቴክሳስ ምክር ቤትም በሚቀጥለው ዓመት ሕጉን አሻሽሏል። መሳቢያዬን ሳስብ ያቺ ሴት ትታወሰኛለች።

የእኛም ምክር ቤት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ማመስገን ይገባል። በ2022ቱ ሕግ መሠረት ጤንነትንና ደኅንነትን የማይነካ ጥፋት ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ቀን የማስተካከያ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ቅጣቱም በጥፋቱ ከ500 ዶላር ሊያልፍ አይችልም። በቅጣትና በማስከፈያ ወጪ ብቻ የተጠራቀመ ዕዳ ቤት አያሸጥም። ዕዳ ላለበት አባል በየወሩ ዝርዝር ሒሳብ ይላካል፤ በ18 ወር ከፋፍሎ የመክፈል ዕድልም ይሰጠዋል። ፎርክሎዠር ሊጀመር የሚችለው ዕዳው ቢያንስ የስድስት ወር መዋጮ ሲያህል፣ ያም ሆኖ ቦርዱ በዚያ ቤት ላይ ለብቻው ድምፅ ሰጥቶ ሲወስን ነው። በ2024 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ማኅበሩ ከአባሉ የሚያስከፍለው የጠበቃ ወጪ ከ5,000 ዶላር ወይም ከዋናው ዕዳ ግማሽ፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው፣ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ቤቱ በሐራጅ ለተሸጠበት ሰውም መልሶ የመዋጀት መብት ሰጥቶታል። የእኔ ነገር በዛሬው ሕግ ቢታይ ኖሮ እዚያ ደረጃ የሚደርስ አይመስለኝም።

ሕጉ ይህን ያህል ከተሻሻለ ታዲያ የምን አቤቱታ ነው ብትሉኝ፣ ሕጉ የሐራጁን በር አጠበበው እንጂ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ አልዘጋውም እላችኋለሁ። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ቤት ዛሬም ይሸጣል። መንገዱም ዛሬም የሚጀምረው በዚያው ዓይነት ፖስታ ነው፤ ባለፈው ወር ለአንድ ጎረቤቴ የመጣውን ወረቀት እኔው ነኝ በምሳ ሰዓት ቁሜ የተረጎምኩላቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ የጠየቃቸው የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ከጎን ወደ ኋላ እንዲያዞሩ ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን «ከቤት ልቀቁ» የተባሉ መስሏቸው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

እዚህ ላይ ስለ እድር ሁለት ቃል ብናገር ከጉዳዩ እንደወጣሁ አትቁጠሩብኝ፤ ብዙዎቻችን «ማኅበር» የሚለውን ቃል ስንሰማ ወደ አእምሯችን የሚመጣው እርሱ ነውና። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የተጻፈ ደንብ አለው፤ በቀብር ላይ ያልተገኘን አባል ይቀጣል፣ ወርሃዊ ክፍያ ያጓደለንም ይቀጣል፤ አልመለስ ያለውንም ከአባልነት ይሰርዛል። ሁሉ ጊዜ ፍትሐዊ ነው አልልም፤ በእድር ዳኛ የተበደለ ሰው አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ አባል ሦስት ወር ክፍያ ቢያጓድል መጀመሪያ የሚደረገው «ምን አግኝቶት ነው?» ብሎ ሰው መላክ ነው። ታሞ ይሆናል፣ ከሥራ ወጥቶ ይሆናል፣ ወይም እንዲሁ ዘንግቶት ይሆናል። ያ ሳይጠየቅ ስሙ ቢሰረዝ ጉባኤው ራሱ ጸሐፊውን ይወቅሰዋል። አገር ቤት በኮንዶሚኒየም ማኅበር የኖርነውም ብንሆን ለጥበቃና ለጽዳት የሚዋጣው ገንዘብ ሲዘገይ በር ተንኳኩቶ «አንተ እኮ አልከፈልክም» ስንባል ነው የምናውቀው። ኮሎራዶ ደርሰን የገጠመን ማኅበር ግን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል እንጂ ከመኪናው አይወርድም።

የቦርዱ አባላት ያለ ደመወዝ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። በረዶ በጣለ ማግስት የጋራ መንገዱ ተጠርጎ የምናገኘው፣ የመናፈሻው ሣር የሚታጨደው፣ የመዋኛው ውኃ የሚጠራው እናንተ ምሽታችሁን ሠውታችሁ በምትቀመጡበት ስብሰባ ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ። መዋጮ ሳይከፍል በሌላው መዋጮ የሚኖር ሰው እንዳለም አልክድም፤ የእርሱ ድርሻ በእኛ ላይ ነው የሚጫነው። ቅሬታዬ ያለው ሥራውን በውል ከሰጣችሁት ድርጅት ጋር ነው፤ ይልቁንም ከውሉ ጋር። ኮሎራዶ የማኅበር አስተዳዳሪዎች የሙያ ፈቃድ እንዲኖራቸው ከ2015 ጀምሮ ታስገድድ ነበር፤ ይህንኑ ለማራዘም ምክር ቤቱ ያሳለፈውን ሕግ በ2019 አገረ ገዥው ውድቅ ስላደረጉት ግዴታው ቀረ። በዚህ ግዛት ፀጉር የሚያስተካክል ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ላይ የዕዳ ወረቀት የሚያወጣው ሰው ግን አያስፈልገውም። ግዛቱ ለቤት ባለቤቶች ማኅበራት ያቋቋመው የመረጃ ማዕከል አቤቱታ ይቀበላል፣ ይመዘግባል፣ በየዓመቱም ሪፖርት ያወጣል፤ ማኅበሩን ግን ሊያዝዝ አይችልም። ስለዚህ በአንድ ቤት ባለቤትና በጠበቃው መካከል የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ዛሬ ስለ ቀለምና ስለ አጥር የሚናገሩት እነዚህ የመሬት ስምምነቶች በዚህ አገር ለረጅም ዘመን «ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል አንቀጽ ይጻፍባቸው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው አንቀጽ በፍርድ ቤት ሊፈጸም እንደማይችል የወሰነው በ1948 ነው፣ በመኖሪያ ቤት ላይ ማድላትን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የወጣውም በ1968 ነው። እናንተን በዚያ አልከሳችሁም። ይሁን እንጂ በዘመን መለወጫ ሰሞን በረንዳው ላይ የአገሩን ባንዲራ የሰቀለ ጎረቤቴ «የአሜሪካ ብቻ ይፈቀዳል» የሚል ማስታወቂያ ሲደርሰው፣ በ2021 የወጣው የኮሎራዶ ሕግ ማኅበሩ የባንዲራን ብዛትና መጠን እንጂ ይዘቱን እንዳይመርጥ መከልከሉን የሚነግረው ሰው ከጽሕፈት ቤታችሁ አልተገኘም፤ ባንዲራውን አውርዶ አጠፈው። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ወደ የትኞቹ ቤቶች እንደሚበዛ ብንጠይቅ፣ ጥያቄው ካለፈው ታሪክ አንጻር የሚያስቀይም ሊሆን አይገባም።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህ ነው። ማንኛውም የመጀመሪያ ማስታወቂያ ከመላኩ በፊት ከቦርዱ ወይም ከጎረቤት አንድ ሰው በሩን ያንኳኳ፣ ሰው ከሌለም ስልክ ይደወል፤ መንኳኳቱም በመዝገብ ይያዝ። ለሁሉም አባል የቋንቋ መምረጫ ቅጽ ይላክ፣ ቅጹም ራሱ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በስፓኒሽና በሠፈሩ በሚነገሩት ሌሎች ቋንቋዎች ይሁን፤ በእንግሊዝኛ «በአማርኛ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ለማን ይጠቅማል? አንድ ቤት ወደ ጠበቃ ከመመራቱ በፊት ቦርዱ ስሙን ጠርቶ፣ ሒሳቡን አይቶ ይወስን፤ ሕጉ ይህን የሚያስገድደው ለፎርክሎዠር ነው፣ እኔ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ወጪው መቆጠር ከመጀመሩ በፊት እንዲሆን እለምናለሁ። በመጨረሻም በዓመታዊው ጉባኤ ስንት ማስታወቂያ እንደወጣ፣ በየትኛው መንገድ ላሉ ቤቶች እንደሆነ፣ ከቅጣት ስንት ገንዘብ እንደገባና ለጠበቃ ስንት እንደተከፈለ፣ የማንም ስም ሳይጠቀስ፣ በአንድ ገጽ ይቅረብልን። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። አንድ ምሽት የቦርድ ስብሰባ ይበቃዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ነው።

ግልባጩ ለሚደርሳችሁ ወገኖቼም የምለው አለኝ። ከሁሉ በፊት፣ በቅጣት ተናዳችሁ መዋጮ አታቁሙ። በአካባቢያችን ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ይህ ነው፤ «ያለ ጥፋቴ 100 ዶላር ቀጥተውኝ አንድ ሳንቲም አልሰጣቸውም» ብሎ ወርሃዊ ክፍያውን ያቋረጠ ሰው፣ ቤት ሊያሸጥ የማይችለውን የቅጣት ዕዳ ሊያሸጥ በሚችለው የመዋጮ ዕዳ ይለውጠዋል። መዋጮውን ክፈሉ፣ ከተቻለ በቼክ፣ «ለዚህ ወር መዋጮ» ብላችሁ ጽፋችሁበት፤ ቅጣቱን ደግሞ በጽሑፍ ተቃወሙ፣ ከማኅበሩ ጋር የሚነሳ እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ ክርክር ያለ ጠበቃ በትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላልና። ማስታወቂያ በአማርኛ እንዲላክላችሁ እንደምትፈልጉ ለማኅበሩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ደብዳቤ በሚላክላችሁ ጊዜ አብሮ እንዲደርሰው የምትፈልጉትን ሰው፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅም ቢሆን፣ ስሙን ስጡ፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ከንብረት ግብር ጋር ተደምሮ የሚመጣው የሜትሮ ዲስትሪክት (የሠፈሩን መንገድና የመሳሰለውን መሠረተ ልማት ወጪ የሚሸፍን የአካባቢ አስተዳደር አካል) ክፍያ ከዚህ የተለየ መሆኑንም ልብ በሉ፤ «በታክስ ከፍያለሁ» ብለው መዋጮውን የተዉ ሰዎች ገጥመውኛል።

ደግሞ ጉባኤ እንሂድ። ባለፈው ዓመታዊ ስብሰባ ከእኛ ወገን የተገኘነው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ የመጣው በአዳራሹ ግቢ መኪና ለማቆም ይቻል እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ቡና ላይ ተቀምጠን ማኅበሩን የምናማበት ሰዓት ቢደመር የቦርዱ የዓመት ስብሰባ ሁሉ አያህለውም። የቦርድ ምርጫ በጥቂት ድምፅ የሚወሰን ነው፤ ሌሊት የሚሠራ ሰውም የውክልና ቅጹን ሞልቶ ድምፁን በጎረቤቱ እጅ ሊልክ ይችላል። እኔ በሚመጣው ምርጫ ለቦርዱ አባልነት ስሜን አስገብቻለሁ፤ የሚደግፈኝም የሚቃወመኝም መጥቶ በድምፁ ይንገረኝ።

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ እናቴ በዚህ ዓመት ሐምሌ ተመልሰው ይመጣሉ። ዛላ በርበሬውን ከአሁኑ እንድገዛ አዝዘውኛል፤ ጎረቤቴም ጥላ የሚጥልብንን ዛፍ ለመቁረጥ ያቀረበው ማመልከቻ ከእናንተ ፈቃድ ስላላገኘ ጓሮው ዛሬም ፀሐይ የለውም። ስለዚህ ሦስት ቀን የመኪና መግቢያዬን ለማስጫ እንድጠቀምበት በደንቡ መሠረት አስቀድሜ በዚህ ደብዳቤ አመለክታለሁ። በርበሬው የሚሰጣባቸው ቀናት፣ የአንሶላው መጠንና በ2021 በጽሕፈት ቤታችሁ የተነሳው ፎቶግራፍ በአባሪነት ተያይዘዋል። ለዚህም ሆነ ከላይ ለዘረዘርኩት ጥያቄ መልሳችሁን በጽሑፍ፣ በአማርኛ ጭምር እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የማኅበሩ አባል
አውሮራ፣ ኮሎራዶ